«የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል እስክሰርዝ ድረስ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ የዕረፍት ጊዜዬን ከሞላ ጎደል ለአንድ ሥራ አዋልሁት። ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፔዲያ፣ በአማርኛው ውክፔዲያ፣ ላይ ስለ አንድ የአዲስ አበባ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ የቀረበ አጭር መጣጥፍ ነበር፤ አንባቢ ሊተማመንበት የሚችል እንዲሆን ላሻሽለው ተነሣሁ። የጣቢያውን ስም እዚህ ላይ አልጠራም። በመጣጥፉ የውይይት ገጽ ላይ ገና ያልተቋጨ ጉዳይ አለ፤ ይህንን የሚያነቡ ወዳጆቼም ወደዚያ ሄደው ለእኔ ባላቸው ፍቅር ብቻ እንዲወግኑልኝ አልፈልግም። ላወራ የፈለግሁትም እንዲህ ያለ መጣጥፍ እንዴት እንደሚጻፍ ነው።

ሬዲዮ ለእኔ ተራ ዕቃ አይደለም። ያደግሁት ጅማ፣ ሄርማታ ውስጥ ነው። አባቴ ሬዲዮኑን ከረከቦቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ያኖረው ነበር፤ ድምፁ ሲደክም የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ የዜና ሰዓት ከመድረሱ በፊት መልሶ የመክተቱ ሥራ የእኛ የልጆቹ ነበር። የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሥራ በጀመሩበት ዘመን ደግሞ እኔ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። ማታ ማታ በአንድ ትንሽ ሬዲዮ ዙሪያ ስድስት የመኝታ ክፍል ጓደኞች ተሰብስበን ያንን ጣቢያ እንሰማ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ በጨለማ የሰማናቸው ጨዋታዎች እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጡም። ተመርቄ ወደ ጅማ ተመልሼ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላም ጣቢያውን በስልኬ በኢንተርኔት እከታተለዋለሁ። ይህንን የምናገረው ፍቅሬን ለማሳየት ብዬ ብቻ አይደለም፤ በሥራው ላይ ትልቁ እንቅፋት የሆነብኝ ይኸው ፍቅር ስለ ነበረ ነው።

መጣጥፉን መጀመሪያ ስከፍተው አራት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩት። ከሁሉ የሚረዝመው እንዲህ ይላል፤ «ጣቢያው በአገራችን ታሪክ ከመንግሥት እጅ ውጭ የተቋቋመ የመጀመሪያውና ግንባር ቀደሙ፣ በመላ ኢትዮጵያ በሚሊዮኖች የሚደመጥ፣ የሕዝብ ዓይንና ጆሮ የሆነ ተወዳጅ ጣቢያ ነው።» ይህንን ሳነብ ልቤ ሞቀ፤ ትክክል ነው ብዬም አመንሁ። ስለዚህ የጎደለው ርዝመት ብቻ ነው ብዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ቃላት ጨመርሁበት። የማታ ጨዋታዎቹን፣ የአቅራቢዎቹን የድምፅ ለዛ፣ የመኝታ ክፍላችንን ሳይቀር ጻፍሁ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ አንድ የማላውቀው አርታዒ የጨመርሁትን በሙሉ አንሥቶ ገጹን ወደ ቀድሞው ይዞታው መለሰው። በውይይት ገጹ ላይ የተወልኝ ማስታወሻ ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ «የጻፉት ያማረ ትዝታ ነው፤ ነገር ግን የጣቢያውን አድማጭ እንጂ ጣቢያውን አያሳይም። ለየትኛው ዓረፍተ ነገር ምን ምንጭ አለዎት?» ቅር አለኝ። አንድ ሳምንት የደከምሁበት ሥራ በአንድ ጠቅታ ሲጠፋ ማየት ያማል። ይሁን እንጂ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ በውክፔዲያ እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑና ከነጸሐፊው መለያ በገጹ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጽሑፌን እዚያው አገኘሁት። ሰውየው ያለኝን ይዤ ደግሜ ሳነበው በሁለት ሺሁ ቃላት ውስጥ ምንጭ የተጠቀሰበት አንድም ቦታ አላገኘሁም።

ውክፔዲያ ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ከተጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ሥር የያዙ ሦስት መሠረታዊ መርሖዎች አሉት። ጽሑፉ ሚዛናዊ መሆን አለበት፤ የሚነገረው ሁሉ ከታተመ አስተማማኝ ምንጭ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለበት፤ ጸሐፊው በራሱ መርምሮ የደረሰበትን አዲስ ነገር ይዞ መቅረብ የለበትም። ሦስቱንም ቀደም ብዬ አንብቤያቸው ነበር። ይሁንና ሕግን ማንበብና በገዛ ዓረፍተ ነገር ላይ መተርጎም የተለያዩ ነገሮች ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የመምህርነት ልማዴን ነው፤ መጣጥፉን በወረቀት አትሜ፣ የተማሪ ፈተና እንደማርም ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ እያንዳንዱን ቃል «ይህንን ማን ተናገረ? የት ታተመ?» እያልሁ ጠየቅሁት። ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ቀይ ያልነካቸው የጣቢያው ስም፣ የሚያሠራጭበት ሞገድና የሚገኝበት ከተማ ብቻ ሆኑ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ነው። ስለ ሬዲዮ ጣቢያ በሚጻፍ መጣጥፍ ውስጥ የዚህን ያህል የሚወደድ፣ የዚህንም ያህል የሚያሳስት ቃል ያለ አይመስለኝም። «ከመንግሥት እጅ ውጭ የመጀመሪያው» የሚለው አባባል ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይፈርሳል። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት ጀምሮ፣ በ1969 ዓ.ም. ደርግ እስኪወርሰው ድረስ፣ በአጭር ሞገድ ወደ ልዩ ልዩ የአፍሪካና የእስያ አገሮች በብዙ ቋንቋዎች ይናገር ነበር፤ ባለቤቱም የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እንጂ መንግሥት አልነበረም። በ1980ዎቹ ውስጥ ሥራ የጀመረው ሬዲዮ ፋናም በወቅቱ ገዥ ከነበረው ግንባር ከኢሕአዴግ ጋር የተሣሠረ ይሁን እንጂ በአደረጃጀቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። «የመጀመሪያው የግል ኤፍ ኤም» ብለን ብናጠብበው እንኳ ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7 አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚጠቀሱ በመሆናቸው፣ አንዱን ለይቶ «መጀመሪያ» ለማለት በምን እንደምንለካ አስቀድመን መናገር ይኖርብናል። ፈቃድ በተሰጠበት ቀን ነው? በሙከራ ሥርጭት ነው? ወይስ መደበኛ ፕሮግራም በተጀመረበት ቀን?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ስላለው ኬዲኬኤ ስለተባለው ጣቢያ ሳነብ ነው። ዌስቲንግሀውስ የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ኩባንያ ያቋቋመው ይህ ጣቢያ ጥቅምት 23 ቀን 1913 ዓ.ም. ማታ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1920፣ ሃርዲንግና ኮክስ የተወዳደሩበትን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በማሰማቱ በዓለም የመጀመሪያው የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ተብሎ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። ሆኖም በዲትሮይት ከተማ የአንድ ጋዜጣ ንብረት የነበረው ጣቢያ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1912 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ውስጥ፣ የቅድመ ምርጫ ውጤት አሰምቷል። በሳን ሆሴ ቻርልስ ሄሮልድ የተባለ ሰው ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድምፅ ያሠራጭ ነበር። በካናዳ ሞንትሪያልም ሌላ ተሟጋች አለ። ከዚህም በላይ ኬዲኬኤ በዚያች ሌሊት የአየር ሰዓት ሸጦ ማስታወቂያ አላሰማም፤ የባለቤቱ ዓላማ ሕዝቡ ሬዲዮ እንዲገዛ ማድረግ ነበር። የተከፈለበት ማስታወቂያ በመጀመር የሚታወቀው ደግሞ ደብልዩኢኤኤፍ የተባለው የኒውዮርክ ጣቢያ ነው፤ ነሐሴ 22 ቀን 1914 ዓ.ም. የአንድ የቤት ሻጭ ድርጅትን መልእክት አሰማ። ለዚያ ማስታወቂያ የተከፈለውን ገንዘብ እንኳ አንዳንዱ ጽሑፍ 50 ዶላር፣ ሌላው 100 ዶላር ይለዋል።

ታዲያ ጠንቃቃ የሆነ አርታዒ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን ያደርጋል? ከተሟጋቾቹ አንዱን መርጦ ዘውድ አይደፋለትም። ማን ምን እንዳለ ከነምክንያቱ ያስቀምጣል፤ «የመጀመሪያው ነው» በማለት ፈንታ «የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል» ብሎ የሚጠቅሰውን ሰው ወይም ጽሑፍ በስሙ ይጠራል፤ መለኪያውንም ይገልጻል። እኔም በመጣጥፉ ውስጥ ያንን ቃል ሰረዝሁትና በእሱ ቦታ ጣቢያው ፈቃድ ያገኘበትን ዓመትና ሥርጭት የጀመረበትን ቀን ለየብቻ አሰፈርሁ። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ድሮው ልብ አያሞቅም። ነገር ግን አንድ የታሪክ ተማሪ ሊሠራበት ይችላል።

«የግል» እና «የንግድ» የሚሉት ቃላትም በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 አገልግሎቱን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ይከፍለው ነበር። የንግድ የሚባለው ለትርፍ የተቋቋመው ነው። እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲው የሚያካሂደው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ፤ እሱን «የግል ጣቢያ» ብሎ የሚጠራ ሰው ቢያጋጥመኝ ስሕተቱን ወዲያው አየዋለሁ። ስለ አዲስ አበባው ጣቢያ ስጽፍ ግን ሁለቱን ቃላት እያቀያየርሁ እንደተጠቀምሁባቸው ቀይ እስክሪብቶው አሳየኝ። ሦስቱን ዓይነቶች የሚለይ አንድ አጭር አንቀጽ ጨምሬ በቀሪው ሁሉ «የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ» በሚለው ስም ረጋሁ።

ከዚሁ አዋጅ ጋር የተያያዘ፣ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ሁሉ የምነግረው አንድ ወጥመድ አለ። ከ533ቱ በፊት የነበረው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር በአማርኛ 178/1991 ሲሆን በእንግሊዝኛው ቅጂ 178/1999 ተብሎ ተጽፏል። ተከታዩ በአማርኛ 533/1999፣ በእንግሊዝኛ 533/2007 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የፊተኛውን ከእንግሊዝኛ፣ የኋለኛውን ከአማርኛ ቀድቶ ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሕጎች በአንድ ዓመት የወጡ ይመስላሉ። በመጣጥፉ ውስጥ የነበረው ስሕተት በትክክል ይህ ነበር፤ ማንም ሳያስተውለው ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በእንግሊዝኛ 1238/2021 ስለሚባል ያው ጥንቃቄ ለእሱም ያስፈልጋል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ በሕግ ቁጥር ብቻ አያበቃም። አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጣቢያው በ2007 ሥራ ጀመረ ቢል፣ ያ ዓመት እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 1999 ዓ.ም.፣ ከመስከረም 1 በኋላ ደግሞ 2000 ዓ.ም. ነው፤ ወሩን ሳያውቁ መለወጥ አይቻልም። «2007» የሚለውን እንዳለ ወደ አማርኛ የሚገለብጥ ሰው ደግሞ ጣቢያውን በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደፊት ያሻግረዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። መጣጥፉ አንድ የጠዋት ፕሮግራም «ከ7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት» እንደሚተላለፍ ይናገር ነበር፤ ያንን ያነበበ የጅማ ሰው ከምሳ በኋላ ሬዲዮውን ሊከፍት ነው። ፕሮግራሙ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነበር። ውሎ አድሮ የፕሮግራም ሰዓቶቹን በሙሉ አወጣኋቸው፤ ኢንሳይክሎፔዲያ የፕሮግራም ማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም፤ ሰዓቶቹም በየጊዜው ይለዋወጣሉ።

«በመላ ኢትዮጵያ የሚደመጥ» የሚለው ሐረግ ግን እንደ ፊዚክስ መምህርም እንደ ጅማ ነዋሪም ነካኝ። የኤፍ ኤም ሥርጭት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን እንዲህ ያለ ሞገድ በቀጥታ መስመር ይጓዛል እንጂ አባቴ ይሰማው እንደነበረው የአጭር ሞገድ ሥርጭት ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ አህጉር አያቋርጥም። ስለዚህ የሚደርስበትን ርቀት የሚወስነው በዋናነት የአንቴናው ከፍታ ነው። ከፍታውን በሜትር ወስደን ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ብናባዛው፣ በመካከል ተራራ ከሌለ፣ ሞገዱ የምድርን ጉብታ ሳይነካ ሊደርስ የሚችልበትን ርቀት በኪሎ ሜትር በግምት እናገኛለን። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር፣ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናቸው፤ ልዩነታቸውን 1,400 ሜትር ያህል ብለን ብንወስድ ከእንጦጦ አናት የሚለቀቅ ሞገድ ወደ 154 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአድማስ በታች ይቀራል። አዲስ አበባና ጅማ በመኪና መንገድ ወደ 350፣ በአየር መስመር ደግሞ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በመካከሉ የጊቤ ሸለቆና በግራና በቀኝ ያሉት ከፍታዎች መኖራቸውን እንኳ ገና አላነሣሁም።

ይህንን ስሌት በኩራት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሠርቼ አሳይቼአለሁ። በመጣጥፉ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ማስላቴ ትክክል ቢሆንም፣ ጅማ ላይ ቆሜ ሬዲዮውን ስከፍት ጣቢያው አለመሰማቱም እውነት ቢሆንም፣ ሁለቱም የእኔ የራሴ ምርመራዎች ናቸው፤ «ጅማ አይደመጥም» ብሎ የጻፈ ምንጭ አላገኘሁም። ስለዚህ ማስረጃ የሌለውን «በመላ ኢትዮጵያ» የሚለውን አውጥቼ ማስረጃ ያለውን ብቻ አስቀረሁ፤ ጣቢያው በኤፍ ኤም ከአዲስ አበባ እንደሚያሠራጭና በኢንተርኔትም እንደሚደመጥ። በልቤ የማውቀውን ትክክለኛ ነገር ከወረቀቱ ላይ መተው ከሁሉ ከበደኝ። «በሚሊዮኖች» የሚለውን ማውጣት ቀላል ነበር፤ አድማጭ የቆጠረ ጥናት አልተጠቀሰበትም።

ስለ አጻጻፍ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ሬዲዮ»፣ «ራዲዮ»፣ «ሬድዮ»፤ «ኤፍ ኤም»፣ «ኤፍኤም»፣ «ኤፍ.ኤም.»፤ አንባቢው በየትኛው እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ተጨምረው አንድን ርዕስ በብዙ መልክ ያስጽፉታል። ለኮምፒዩተር እያንዳንዱ መልክ ሌላ ቃል ነው። አንድ ሰው መጣጥፉ የለም ብሎ ሌላ ሁለተኛ መጣጥፍ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የእኛም ጣቢያ ሁለት መጣጥፎች ነበሩት። ይዘታቸውን አንድ ላይ አዋሕጄ፣ ለተለመዱት የአጻጻፍ መልኮች ሁሉ ወደ ዋናው መጣጥፍ የሚመሩ ገጾች አዘጋጀሁ። ማንም የማያመሰግነው ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን ከጻፍኋቸው አንቀጾች ሁሉ ይልቅ አንባቢን የጠቀመ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ምንጮቹ ልመለስ። ጣቢያው ስለ ራሱ የሚናገረው ለሞገዱና ለአድራሻው ይበቃል፤ ለሙገሳው ግን አይበቃም። የሌላ ወገን ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ስለ ሬዲዮ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ያለው ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን በድሮ ጋዜጦች ገጾች ውስጥ ነው። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ፣ ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አንድ አዛውንት ሬዲዮ ሠሪ አሉ። ከሥራቸው ስፋት የተነሣ ስለ ጣቢያዎች የማያውቁት የለም ብዬ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጣቢያው መቼ እንደተከፈተ፣ በየትኛው ሳምንት ሙከራ ላይ እንደነበረ፣ መጀመሪያ ምን ዘፈን እንዳሰማ ዘረዘሩልኝ። ምንጭ ፍለጋ ላይ መሆኔን ስነግራቸው ተገረሙ።

«ልጄ፣ እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ዕቃ ልገዛ ሄጄ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግርህ። ጋዜጣው ምን ያደርግልሃል?»

«ጋሼ፣ ጆሮዎን አምናለሁ» አልኋቸው። «ነገር ግን መቱ ወይም ደሴ ሆኖ የሚያነበኝ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ እርስዎን ሊጠይቅ አይችልም።»

ዝም አሉና ከመደርደሪያው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ሳቡ። በውስጡ የተፈቱ ድምፅ ማጉያዎች፣ ሽቦዎችና አንቴናዎች ነበሩ፤ የሣጥኑ ወለል ግን በጋዜጣ የተነጠፈ ነበር። አንደኛው ገጽ ላይ ጣቢያው መደበኛ ሥርጭት መጀመሩን የሚገልጽ አጭር ዜና ተገኘ። ደስታዬ ብዙም አልቆየም፤ ቀኑና የጋዜጣው ቁጥር የሚታተሙበት የላይኛው ጠርዝ ተቀድዷል። ቀን የሌለው ጋዜጣ ምንጭ አይሆንም። ገጹን ስገለብጠው ግን ጀርባው የጨረታ ማስታወቂያ ሆነ፤ ሰነድ መግዣውን የመጨረሻ ቀንና ጨረታው የሚከፈትበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ይዟል። እንግዲህ ጋዜጣው ከዚያ ቀን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው የታተመው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ለምትኖር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ደወልሁላትና ወሩን ነግሬአት ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሄዳ የዚያን ወር ጥራዝ እንድታይልኝ ለመንኋት። በሁለተኛ ቀኗ አገኘችው። የጋዜጣውን ስም፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ገጹን በአጭር መልእክት ላከችልኝ። አዛውንቱ ከነገሩኝ ቀን ጋር የአንድ ሳምንት ልዩነት አለው፤ እሳቸው የሰሙት የሙከራ ሥርጭቱን ሳይሆን አይቀርም። ያቺ አጭር መልእክት ለመጣጥፉ የመጀመሪያዋ እውነተኛ የግርጌ ማስታወሻ ሆነች። ቀጥላም ጓደኛዬ በዚያው ጥራዝ ውስጥ ሌሎች ሁለት ዜናዎች አግኝታልኛለች፤ አንደኛው ስለ ፈቃዱ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ጣቢያውን የሚተች አስተያየት ነው። ትችቱን ለማስገባት እጄ ዘገየ፤ የምወደውን ጣቢያ የሚነቅፍ ነገር በገዛ እጄ መጻፍ ነበረብኝ። አስገባሁት። ጣቢያው በዚያን ጊዜ የሰጠው መልስም ታትሞ ስለተገኘ አጠገቡ አስቀመጥሁት።

ስለ አቅራቢዎቹ የነበረውን ረጅም የስም ዝርዝር በአብዛኛው አወጣሁት። በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፍ ነገር ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ማን ለምን ጣቢያውን ለቀቀ የሚለውን ወሬ ያለ ምንጭ በኢንሳይክሎፔዲያ ላይ መተው ሰውን ይጎዳል። የጣቢያውን ዓርማም ከኢንተርኔት ገልብጦ የለጠፈ ሰው ነበር፤ የባለቤትነት መብቱ የጣቢያው በመሆኑ ተነሥቷል።

ዛሬ መጣጥፉ ዘጠኝ አንቀጾችና አሥራ አራት የግርጌ ማስታወሻዎች አሉት። መጀመሪያ ጽሑፌን ያነሣብኝ አርታዒ አሁን አብሮኝ ይሠራል፤ በስም አንተዋወቅም፣ በየሳምንቱ ግን እንጻጻፋለን። ያልተቋጨው ጉዳይ በመኝታ ክፍላችን በጨለማ እንሰማው ስለነበረው የማታ ፕሮግራም ነው። እኔ በመጣጥፉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ምንጩን አምጣ ይለኛል። አዛውንቱ ሬዲዮ ሠሪ ፕሮግራሙን ያስታውሱታል፤ የመክፈቻ ሙዚቃውን ሳይቀር በፉጨት አሰሙኝ። እስካሁን ስለ እሱ የተጻፈ አንድም መሥመር አላገኘሁም። ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቼ በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አቆይቼዋለሁ፤ ጓደኛዬም በሚቀጥለው ሳምንት የመጋቢትንና የሚያዝያን ጥራዞች ልታይልኝ ቀጠሮ ይዛለች።